ግጭትና ብልጭታ፦ በተማሪዎች የውድድር ሮቦቶች ላይ የሚደርሰውን የስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልሽት ስለ መመርመር



በጥገና ባለሙያ ፊት ከሚቀርቡት ብልሽቶች ሁሉ አስቸጋሪው ምልክት ሳይተው የሚሄደው ነው። የተቃጠለ ሞተር ይሸታል፤ የተበጠሰ ሽቦ በዓይን ይታያል፤ የደከመ ባትሪ ቮልቱ ሲለካ ይጋለጣል። ከስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚመጣው ብልሽት ግን ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሥራውን ፈጽሞ ይሰወራል። መርማሪው ከቦታው ሲደርስ የሚያገኘው የቆመ መሣሪያና ምንም ጉድለት የማይታይባቸውን ክፍሎች ብቻ ነው። መሣሪያው ጠፍቶ እንደገና ሲበራ አንዳች ነገር እንዳልደረሰበት ሆኖ ይሠራል። ከዚህም የተነሣ ጥፋቱ ዘወትር በሌላ ይላከካል።

የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይ ይኸው ብልሽት ተማሪዎች ለውድድር በሚሠሯቸው ሮቦቶች ላይ እንዴት እንደሚደርስና በምን ዓይነት ምርመራ እንደሚለይ ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ የተባለው ውድድር ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ በዚያ በስፋት ታይቷል፤ የመከላከያው ዘዴም እስከ ውድድሩ ደንብ ድረስ ዘልቆ ገብቷል። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፈርስት የተባለውን ድርጅት አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን በ1989 መሠረተው። ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ላሉ ተማሪዎች የተዘጋጀው ክፍል ነው። የመወዳደሪያው ሜዳ ጎኑ 3.6 ሜትር ያህል የሆነ ካሬ ሲሆን፣ ወለሉ በ36 የፎም ንጣፎች ይሸፈናል፤ ዙሪያው በአሉሚኒየም የታሰረ የፕላስቲክ አጥር ነው። ሮቦቱ ጨዋታው ሲጀመር በርዝመቱም፣ በወርዱም፣ በቁመቱም ከ46 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ለመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ያለ ሰው ትእዛዝ፣ ከዚያ በኋላ ለ2 ደቂቃ በተማሪዎች አሽከርካሪነት ይሠራል። የወራት ድካም የሚመዘነው በዚያች ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው።

ሮቦቱ በሜዳው መካከል ድንገት ደርቆ ሲቀር ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ፕሮግራሙን የጻፈችው ተማሪ እያንዳንዱን መስመር ስትመረምር ታመሻለች፤ ሽቦውን የዘረጋው ልጅ ሁሉንም እስፒና እየነቀለ መልሶ ይሰካል። ሁለቱም ጥፋት ላይኖርባቸው ይችላል። አሠልጣኙ በዚህ ሰዓት የሚሰጠው ፍርድ ከዋንጫው ይልቅ ይከብዳል፤ ንጹሑን ሥራ አበላሽቶ ማስተካከል፣ ደኅናውን ዕቃ አውጥቶ መጣል የጥገና ሙያ መስሎ እንዲታያቸው ሊያደርግ ይችላልና።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎማው ሥር ነው። ሁለት የተለያዩ ቁሶች ተነካክተው ሲለያዩ አንደኛው ከሌላው ኤሌክትሮኖችን ይዞ ይሄዳል፤ በዚህም አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ነጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል፣ በተለምዶ ቻርጅ የሚባለውን፣ ይዞ ይቀራል። ሰበቃ ሲጨመርበት የሚነካካው ገጽ ስለሚበዛ የሚለየውም ሙል ይበዛል። በበጋ ማታ ሹራብ ሲወለቅ የሚሰማው የመንጣጣት ድምፅ መነሻው ይኸው ነው። የሮቦቱ ጎማ ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ፣ ንጣፉ ደግሞ ፎም ነው፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር አንዱ ገጹ ከንጣፉ ይለያል፣ ሌላው ይተካል፤ በዚህ አኳኋን በሮቦቱ የብረት አካል ላይ ሙል እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሮበርት ቫን ደ ግራፍ በ1929 በሠራው መሣሪያ ውስጥ የሚዞር ቀበቶ ከመሬት ተለይቶ ወደ ቆመ ብረት ሙል ያመላልስ ነበር። ሮቦቱ የዚያ መሣሪያ ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ችግር አለ። ተማሪዎቹ ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር የተያያዘውን መስመር ግራውንድ ብለው ይጠሩታል። በሥዕሉ ላይም የመሬት ምልክት ተደርጎበታል። ይሁን እንጂ በፎም ላይ የቆመ ሮቦት ከእውነተኛው መሬት ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር የለም። በቤትና በፋብሪካ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎች «ወደ መሬት አያይዘው» የሚል ምክር ቢሰነዝሩ አይፈረድባቸውም፤ ግን የሚያያዝበት መሬት የለም።

የዐየሩ ጠባይ ሁለተኛው ተዋናይ ነው። እርጥበት ባለበት ቀን በዕቃዎች ገጽ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚኖር ሙል ቀስ በቀስ እየፈሰሰ ይጠፋል። ዐየሩ ሲደርቅ ግን የሚጠፋበት መንገድ ያጣል። በአሜሪካ ከእነዚህ ውድድሮች ብዙዎቹ የሚካሄዱት በክረምት፣ ማሞቂያ ባላቸው የትምህርት ቤት አዳራሾች ውስጥ ነው። በውጭ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ 80 በመቶ እርጥበት ያለው ዐየር ወደ አዳራሽ ገብቶ እስከ 20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ የውሃው መጠን ሳይለወጥ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ለስታቲክ ኤሌክትሪክ ከዚህ የተመቸ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

የተጠራቀመው ኃይል ምን ያህል ነው ቢባል መልሱ ያስገርማል። አንድ ሮቦት 100 ፒኮፋራድ ያህል ሙል የመያዝ ዐቅም ቢኖረውና እስከ 10,000 ቮልት ቢሞላ፣ የያዘው ኃይል 5 ሚሊጁል ብቻ ነው። ይህ አንድ ግራም የሚመዝን ነገር ግማሽ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው። ሰውን ከማስደንገጥ አልፎ አይጎዳም። አደጋው ከመጠኑ ሳይሆን ከፍጥነቱ ይመጣል። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ለመፈተን በሚያገለግለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት የ8,000 ቮልት ብልጭታ ከአንድ ናኖ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ 30 አምፔር ይደርሳል። አንድ ሴንቲሜትር ሽቦ 10 ናኖሄንሪ ያህል ኢንዳክታንስ አለው፤ ኮረንቲው በዚህ ፍጥነት ሲያድግበት በሁለት ጫፎቹ መካከል 300 ቮልት ያህል ይፈጠራል። በአጠገቡ በሚያልፉት ገመዶች ውስጥ ግን አንድና ዜሮ የሚለዩት በ3.3 ቮልት ነው። ብልጭታው ሽቦውን ሳይነካ በአጠገቡ ብቻ ቢያልፍ እንኳ ለምን መልእክቱን እንደሚያዛባ ከዚህ ስሌት ይታያል።

በዚህ ውድድር ከ2015–16 የውድድር ዘመን ጀምሮ የሮቦቱ አእምሮ የአንድሮይድ ስልክ ነበር። ስልኩ ሞተሮችንና ሴንሰሮችን ከሚያዘው ሣጥን ጋር በዩኤስቢ ገመድ ይገናኛል። የብረት አካሉ ሙል ተሸክሞ አጥሩን ወይም የተጋጣሚውን ሮቦት ሲነካ ብልጭታ ይነሣል፤ የብልጭታው ረብሻ በገመዱ በኩል ሲገባ የስልኩና የሣጥኑ ግንኙነት ይቋረጣል፤ ሮቦቱም ይቆማል። በ2020–21 የውድድር ዘመን ስልኩንና ሣጥኑን በአንድ ቅርፊት የሚያጠቃልለው ኮንትሮል ሀብ የተባለው መሣሪያ ለሁሉም ቡድኖች ሲፈቀድ ያ የተጋለጠ ገመድ ለብዙዎቹ ቀረ። የሴንሰሮቹ ገመዶች ግን አልቀሩም፤ ሁለተኛ ሣጥን የሚጨምሩ ቡድኖችም ሁለቱን ሣጥኖች በገመድ ማያያዛቸው አልቀረም። ስለሆነም ችግሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ ምርመራው እንለፍ።

አንድ ቡድን በውድድር ቀን ሮቦቱ ሦስት ጊዜ ቆመበት እንበል። ልጆቹ የሚሉት «አጥሩን ስንመታ ይቆማል» ነው። ከዚህ አነጋገር ተነሥቶ ብዙ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ የላላ እስፒና አለ የሚል ነው፤ ግጭት የላላን ነገር ያነቃንቃልና። መደምደሚያው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ግን አልተረጋገጠም። ምክንያቱም ሮቦቱ አጥሩን በመታበት ቅጽበት ሁለት ነገሮች በአንድነት ደርሰዋል፤ አካሉ ተናውጧል፣ ብረት ከብረትም ተነካክቷል። መናወጡ እስፒናን ያላቅቃል፤ መነካካቱ ብልጭታን ይፈጥራል። በሜዳው ላይ ሁለቱ ተለያይተው አይመጡም። የመርማሪው ዋና ሥራ በሜዳ ላይ የማይለያዩትን እነዚህን ሁለቱን በሥራ ቤት ውስጥ መለየት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ግጭት ያለ ብልጭታ ነው። ሮቦቱ ጎማዎቹ ወለል እንዳይነኩ ከእንጨት ድጋፍ ላይ ይቀመጥና ሞተሮቹ እየዞሩ የብረት አካሉ ከየአቅጣጫው በጎማ መዶሻ ይመታል፤ ገመዶቹ አንድ በአንድ ይነቀነቃሉ። ጎማው ከንጣፍ ጋር ስላልተነካካ የሚጠራቀም ሙል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሮቦቱ በዚህ ጊዜ ከቆመ ጥፋቱ የእስፒና ወይም የሽቦ ነው፤ ስታቲክ ኤሌክትሪክን መክሰስ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ብልጭታ ያለ ግጭት ነው። ሮቦቱ ደረቅ በሆነ ቀን በፎም ንጣፍ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወዲያና ወዲህ ከተነዳ በኋላ እንዲቆም ይደረጋል። ከዚያ አንድ ሰው ብረት በእጁ ይዞ የሮቦቱን ማእዘን በቀስታ፣ ሳይገፋ፣ ሳያንቀጠቅጥ ይነካዋል። ምንም ንውጥውጥታ ሳይኖር ሮቦቱ ከቆመ ምርመራው አለቀ። በየማእዘኑ እየተደጋገመ ቢሞከር ደግሞ የትኛው ስፍራ ይበልጥ እንደሚያስቆመው ይታወቃል፤ ብዙውን ጊዜም በዚያ ስፍራ አጠገብ አንድ የሴንሰር ሽቦ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ሲሄድ ይገኛል። ይህ ሙከራ ዕቃ ሊጎዳ ስለሚችል ሳይበዛ፣ በአሠልጣኝ ፊት መደረግ አለበት።

አካሉ በእርግጥ ሙል መያዙን ለማየት ውድ መሣሪያ አያሻም። በየኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኪስ የሚገኘው፣ ፌዝ የሚፈለግበት ባለ ኒዮን አምፖል ቴስተር ካቻቢቴ ይበቃል። ኒዮኑ ለመብራት ከመቶ በታች የሆነ ቮልት ብቻ ይፈልጋል፤ በውስጡም ኮረንቲውን የሚያሳንስ ከፍተኛ ሬዚስተር አለ። ጣት ከበስተኋላው ያለውን ብረት ነክቶ ጫፉ ከሮቦቱ አካል ጋር ሲገናኝ፣ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከሁለቱ የኒዮን ዘንጎች የሚያበራው በነጌቲቩ በኩል ያለው ስለሆነ የሙሉን ዓይነት ጭምር ይናገራል። ሬዚስተሩ ብልጭታውን ስለሚያለዝበው ኤሌክትሮኒክሱን የማስደንገጡ ዕድልም አነስተኛ ነው። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ዕቃ አይገኝም ለማለት ያስደፍራል።

የባትሪ ድካምም ሮቦትን ያስቆማል፤ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ሞተሮቹ ሁሉ በአንድነት ሲነሡ ወይም ሮቦቱ ሌላውን ሲገፋ ቮልቱ ይወርዳል፤ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብም ይብሳል። በተመዘገበው የባትሪ ቮልት ላይ ስለሚታይ ለማጣራት ብዙ አያደክምም።

ከሁሉ የከፋው አሳሳች ግን የዐየር ለውጥ ነው። ከላይ የተባለው ቡድን በቅዳሜው ውድድር ሲቸገር ውሎ ስልኩን ቀየረ እንበል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮቦቱ አንድም ጊዜ ሳይቆም ዋለ። ልጆቹ አሮጌውን ስልክ ኮንነው፣ አዲሱን አመስግነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ዕለት ግን ዝናብ ሲጥል ውሏል፤ የአዳራሹ እርጥበት 55 በመቶ ነበር። ሮቦቱን የጠገነው ዝናቡ ነው። ከወር በኋላ ደረቅ ቀን ሲመጣ አዲሱም ስልክ እንደ አሮጌው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፕሮግራሙ ይከሰሳል። ስለዚህ በቡድኑ የሥራ መዝገብ ላይ ከቀኑና ከብልሽቱ ዓይነት ጎን የክፍሉ እርጥበት የሚጻፍበት ዓምድ መኖር አለበት። የእርጥበት መለኪያ ዋጋው ከአንድ ሴንሰር አይበልጥም። የጨዋታው ቪዲዮ ካለም ሮቦቱ የቆመበት ሰከንድ ከመሣሪያው የውስጥ መዝገብ ጋር ሊተያይ ይገባል፤ መቆሙ ብረት ከነካበት ቅጽበት ጋር ሁልጊዜ የሚገጥም ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ጥፋቱ ከተለየ በኋላ መፍትሔው ብልጭታውን በሦስት ቦታ መጠበቅ ነው፤ ሲወለድ፣ ሲዘልና ሲገባ።

ስለ መጀመሪያው ብዙ ማለት አያሻም። ንጣፉ ላይ የሚረጭ ፀረ ስታቲክ ፈሳሽ ገጹን በጥቂቱ አስተላላፊ ያደርገዋል፤ ከጊዜ በኋላ ኃይሉ ስለሚደክም ይታደሳል። ይህ ግን የአዘጋጆቹ ሥራ እንጂ ቡድን በገዛ ሥልጣኑ በሜዳው ላይ የሚያደርገው አይደለም።

ብልጭታው እንዳይዘል ለማድረግ ደግሞ አጥርንና ሌላ ሮቦትን አስቀድመው የሚነኩትን የብረት ማእዘኖች፣ የብሎን ራሶችና ተወርዋሪ ክንዶች ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር መሸፈን ነው። ወፍራም ፕላስቲክ ይመረጣል፤ ናስትሮም ደራርበው ቢጠመጥሙት ያገለግላል፤ ሆኖም በተደጋጋሚ ግጭት ስለሚቀደድ በየጨዋታው መካከል መታየት አለበት። ብረት ከብረት ካልተነካካ ሮቦቱ ሙሉን ተሸክሞ ጨዋታውን በሰላም ሊጨርስ ይችላል። መሬት ማግኘት ባልተቻለበት ስፍራ መሸፈን ከማያያዝ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው፣ ማለትም ብልጭታው ወደ ኤሌክትሮኒክሱ እንዳይገባ መከላከል፣ ሰፊ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው። ሣጥኖቹ በቀጥታ በብረቱ አካል ላይ ከመታሰር ይልቅ በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ገበታ ላይ ይቀመጣሉ። ገመዶች በተቻለ መጠን አጫጭር ሆነው ከብረቱ ጫፎች ይርቃሉ። በዩኤስቢና በሴንሰር ገመዶች ላይ፣ ወደ እስፒናው ተጠግቶ፣ የፌራይት ቀለበት ይደረጋል። ገመዱ በቀለበቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢያልፍ ለረብሻው የሚሰጠው ተቃውሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ብዙ ሰው ቀለበቱን በገመዱ መካከል አንጠልጥሎ ይተወዋል፤ ይህ ግን ጥቅሙን ይቀንሰዋል።

የብረቱን አካል ከባትሪው ነጌቲቭ መስመር ጋር ማያያዝን በሚመለከት በባለሙያዎች መካከል ክርክር ሲነሣ ይሰማል። ካልተያያዙ በሁለቱ መካከል የቮልት ልዩነት ይጠራቀምና ብልጭታው ዐየር ሰንጥቆ በአንዱ ደካማ ሽቦ በኩል ይገባል። በቀጥታ በሽቦ ከተያያዙ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል፤ አንድ የፖዘቲቭ ሽቦ ላስቲኩ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ወዲያው ኮንታክት ይፈጠርና ፊውዙ እስኪቃጠል ድረስ ኃይለኛ ኮረንቲ ይፈስሳል። የውድድሩ ደንብ የመረጠው መካከለኛውን መንገድ ነው፤ ይኸውም በውስጡ ሬዚስተር ባለው፣ በተፈቀደ ማያያዣ ብቻ እንዲያያዙ ማድረግ ነው። ሬዚስተሩ 470 ኦም ነው ቢባል፣ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ኮንታክት ቢፈጠር የሚያልፈው 25 ሚሊአምፔር ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ሽቦ አያሞቅም። ለስታቲክ ሙል ግን 470 ኦም ክፍት በር ነው፤ 100 ፒኮፋራድ ላይ የተጠራቀመው ሙል በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ፈስሶ ያልቃል። ተማሪዎች የኦምን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋግመው ያዩታል፤ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሲሠራ ማየታቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ማያያዣው ቀለም በተቀባ ወይም አኖዳይዝ በተደረገ አሉሚኒየም ላይ ከታሰረ ምንም ስለማያስተላልፍ ገጹ ተፍቆ፣ በኦም መለኪያም ተፈትሾ መታሰር ይኖርበታል።

ይህን ሥራ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የሚሠሩ አሠልጣኞች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በጋው ደረቅ ነው፤ በከሰዓት በኋላ የክፍሉ እርጥበት ዝቅ ሲል ሮቦቱ ማሞቂያ ባለው አዳራሽ ውስጥ እንዳለው ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ዐየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የዐየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ነው፤ ዐየር ብልጭታን የመከልከል ኃይሉም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ወለል አጠገብ አንድ ሚሊሜትር ዐየር ለመሰንጠቅ 3,000 ቮልት ያህል ያስፈልጋል። ስለሆነም በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ በብረቱና በኤሌክትሮኒክሱ መካከል 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃል ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ፣ ለአዲስ አበባ 4 ሚሊሜትር ተብሎ ሊነበብ ይገባል።